አጸደን ከጉም ውስጥ የፈለጉት ሠዓሊ፦ የአቶ አምሃ አድማሱ የሕይወት ታሪክ

አቶ አምሃ አድማሱ ከአባታቸው ከአቶ አድማሱ ተገኝና ከእናታቸው ከወ/ሮ ይመኙሻል ደርሶ በታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ከደባርቅ በላይ፣ በሰሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ላይ ተወለዱ። በዚያ አገር ጉሙ ሳሳ ሲል ረጃጅሞቹ ዐለቶች የቆመ ሰው መስለው ተራ በተራ ብቅ ይላሉ። እንግዳ ይቆጥራቸዋል፤ የአገሩ ሰው አይቆጥርም።

አቶ አምሃ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ፣ በጥቅምት 1967 ዓ.ም. ታላቅ እህታቸው አጸደ ለቤት ክዳን የሚሆን ጓሳ ልታጭድ እንደወጣች ጉም ወረደባት፤ አልተመለሰችም። ዘጠኝ ቀን ተፈለገች። እናታቸው «አስከሬኗን ሳላይ በልጄ ላይ አላለቅስም» ብለው ድንኳን ሳያስጥሉ፣ ከል ሳይለብሱ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀው አረፉ። አደራው ለአቶ አምሃ ቀረ።

አቶ አምሃ በአዲስ አበባ ሥዕል ተምረው ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። በ1986 ዓ.ም. ከሙሉእመቤት ጋር ጋብቻ መሥርተው ሳምሪንና ብሩኪን ወለዱ። ቤተሰቡ በ2004 ዓ.ም. ቶሮንቶ ከገባ ጀምሮ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ኖረዋል። በሥራ ቀን የአፓርታማ ግድግዳ ይቀባሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ያንኑ አንድ ተራራ ይስላሉ። ጥቁር ተቀብቶ የደረቀውን ሸራ በነጭ ቀለም ይሸፍኑትና፣ ነጩ ሳይደርቅ በጨርቅ እየጠረጉ ዐለቶቹን አንድ በአንድ ያወጧቸዋል። ብሩኪ «ዳዲ፣ አንድ ቀን እንኳ ሰኒ አድርገው እንጂ፣ ፀሐይ ይውጣበት!» ሲላቸው «ጉሙ ከለቀቀማ ሥራዬን ጨረስኩ ማለት ነው» ይሉት ነበር።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ሲነገራቸው፣ ሸራ እንዲወጠርላቸው ጠየቁ። በየካቲት ከትልቁ ዐለት ጀርባ ከዚያ በፊት ስለውት የማያውቁት ጠባብ እርከን ወጣ። ሦስት ጅብራ፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ በቅሎበታል፤ መካከለኛው ተሰብሯል። «እዚህ ናት» አሉና ጨርቁን አስቀመጡ።

ሙሉእመቤት ሥዕሉን ፎቶ አንስታ ደባርቅ ለሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ለጸጋአብ ላከችለት። ወዲያው ደወለ። «ጋሼ፣ የትልቁን ዐለት ጀርባ መቼ አዩት? ከላይም ከታችም እኮ አይታይም።»

«አላየሁትም» አሉት።

በመጋቢት አጋማሽ ጸጋአብና ሦስት የተራራ መንገድ መሪዎች በገመድ ወረዱ። ሦስቱ ጅብራዎች እንደ ሥዕሉ ነበሩ፤ መካከለኛው ተሰብሯል። ከሥሩ የአጸደን አጽምና የዛገ ማጭዷን አገኙ። ያጨደችው ጓሳ ታስሮ አጠገቧ ተቀምጧል፤ ገና እርጥብ ነበር። ስለ ጓሳው እርጥበት ጸጋአብ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ፣ ሁለቴም እንዲሁ መልሷል።

እሁድ መጋቢት 21 ቀን አጸደ በሰፈሯ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተለቀሰላት። አቶ አምሃ ለቅሶውን በስልክ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «እሰይ፣ አልቅሱላት» አሉ። ከዚያ በኋላ ሸራ አልጠየቁም።

ማክሰኞ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐረፉ። አቶ አምሃ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ሲሆኑ፣ አንዲት የልጅ ልጅም አይተዋል። በዛሬው ጸሎት ስማቸው በተነሳ ቁጥር የእህታቸውም ስም አብሮ እንዲነሳ ተናዘዋል፤ ባለቤታቸው ኑዛዜውን ለካህናቱ አድርሳለች።

እግዚአብሔር የአምሃንና የአጸደን ነፍስ በአንድ ማረፊያ ያኑርልን። አሜን።