ያላረፈው ንዝረት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ያ የሚወጋሽ ወገብሽስ ተሻለው? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ አክስቴ እንዴት ናቸው? እማዬስ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ግን ከካደኝ ሰነባብቷል።

ስለ ሥራዬ ሳስረዳሽ «እሺ ይሁንልሽ» እያልሽ ታሾፊብኝ ነበር። ዛሬ ግን ስሚኝ። ከፀጉር የቀጠነች ዘንግ አለች። ከታች ብረት ናት፣ ከላይ ሸክላ። መጋጠሚያ የላትም፤ ብረቱ ቀስ በቀስ ሸክላ እየሆነ ይሄዳል። እሷን እንደ ሙጫ በለሰለሰ መደብ ላይ እናስተኛትና መታ እናደርጋታለን፤ ከዚያ እንዴት እንደምትንቀጠቀጥ፣ መቼ እንደምታርፍ በኮምፒውተር እንከታተላለን። ለቤት አግዳሚ እንጨት የሚሠራው ስሌት ለእሷ አይሠራም። ትንሽ ስለሆነች ግትር ናት፣ ቁርጥ የመጨረሻ ልጅሽን!

ባለፈው ሰሞን አንዷን መትቼ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የንዝረቷ መስመር ቀጥ ሲልልኝ «አርፋለች» ብዬ ዕቃዬን ስሰበስብ አለቃችን መጣ። «ቀስበሉ» ነው የምንለው፤ ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣማ። መስመሩን አጉልቶ ሲያሳየኝ ዘንጓ አሁንም እየተርገፈገፈች ነበር። መደቡ ንዝረቱን ዋጠው እንጂ አልገደለውም፣ የዋጠውን ቀስ ብሎ ይመልሰዋል፤ ዝም ካለች በኋላ ያለውን ጠብቂ አለኝ። በሙያችን እንዲህ ቸኩሎ «አርፋለች» ማለት ነውር ነው፤ አፈርኩ።

እትዬ፣ ከዚያ ወዲህ ጤና የለኝም፤ የስልክሽ ነገር ትዝ አለኛ። እማዬን አቅርቢልኝ ስልሽ አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ ጎረቤት ሄዳለች፣ አንዴ ደግሞ ጆሮዋ በስልክ አልሰማ ብሏት ነው ትዪኛለሽ። ድምፅሽ ቀጥ ያለ ነው፣ ማንም አይነቃበትም። ግን «በይ ደህና ሁኚ» ካልሽ በኋላ፣ ስልኩን ሳትዘጊው፣ ትንፋሽሽ ይቆራረጣል። እኔ ሞኟ ጉንፋን ነው ብዬ ነበር። አክስቴ ደግሞ ያለ ወትሮዋ ትመርቀኛለች። እሷ መቼ ነው እኔን መርቃ የምታውቀው?

የምንሠራበት ክፍል ንዝረት እንዳይገባበት የታፈነ ነው፤ የምንራመደው በካልሲ ነው። እዚያ ስቀመጥ እማዬ ከኋላዬ ጉሮሮዋን ስትጠርግ እሰማታለሁ፣ ልክ ልትቆጣን ስትል እንደምታደርገው። በጠራራ ፀሐይ! ዞር ስል ማንም የለም። ትናንት ሳላስበው «አቤት» ብዬ መለስኩላት፤ የሥራ ባልደረባዬ ደንግጣ አፈጠጠችብኝ። ፈርቻለሁ፣ እትዬ። በሕይወት ያለች እናቴን እንደ ሙት እየሰማኋት ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው። ሞታ ከሆነ ግን እኔ እዚህ ሳላለቅስላት እየበላሁ፣ እየሳቅሁ ከረምኩ ማለት ነው። ይህን እንዴት እችለዋለሁ?

«በሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ትሰበርብናለች» ብላችሁ ደብቃችሁኝ እንደሆነ ይገባኛል። አልቀየማችሁም። ግን ጥርጣሬ ከመርዶ ይከፋል፤ መርዶ ቢያንስ ያስለቅሳል።

ባለቤትሽን ሰላም በዪልኝ። ልጆቹን ጉንጫቸው እስኪቀላ ሳሚልኝ፣ ትንሿን ደግመሽ። አክስቴን ቁጣዋ ናፍቆኛል በያት። ለእማዬ ሰላምታ ልጽፍ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። ካለች ስልኩን ስጫትና እንዳሻት ትስደበኝ። ከሌለች ደውዪልኝና አብረን እናልቅስ፤ ብቻዬን አልችለውም።

ታናሽ እህትሽ

ከተከራየኋት ክፍል
ኅዳር ፲፬ ቀን