ከዘፈኑ ስለ ተወገደው የረጅሟ ድምፅ

ለተከበሩ «ሽቦዎቹ» ለተሰኘው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን ሥራ አስኪያጅ፤

ለረጅሟ ድምፅ መጥፋት ተጠያቂ የማደርገው ሌላ ማንንም ሳይሆን እርስዎን መሆኑን በታላቅ አክብሮት አስቀድሜ እገልጻለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ጆሮዎ እንዴት ሰነበተ? ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ለማያውቁ አንባቢዎች፦ እኔ በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ አጣፊ ነበርኩ። የማሽኑ ጩኸት ስለሚያደነቁር እኔ ከአንዱ ጫፍ በዜማ «ያዝሽ?» ብዬ እጣራለሁ፤ በቁመቷ «ረጅሟ» የምንላት ባልደረባዬ ከወዲያኛው ጫፍ «ይዣለሁ!» ስትል አንሶላውን ወጥረን እናጥፋለን። ከበላያችን ባለው ክፍል ሙዚቃ ይሞካክሩ የነበሩት፣ ኋላ «ሽቦዎቹ» የተባሉት ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ቀን ወርደው «እትዬ፣ እስኪ ድገሙት» እያሉ ቀዱን። ረጅሟ «ከማጠቢያ ማሽን ጋር ልታዘፍኑን ነው?» ብላ የሳቀችው ሳቅ እንኳ አብሮ ገባ። ዘፈኑም አገር ምድሩን አዳረሰ።

፩. ስለ መጀመሪያው አልበም አመሰግናለሁ፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። ዕድሜ ልኬን ራሴን ሲያዞረኝ የኖረው ማሽን ከበሮ ሆኖ ስሰማው በቁሜ አልቅሻለሁ። ወንድማማቾቹን ዛሬም እወዳቸዋለሁ፤ ባልወዳቸው ኖሮ ይህን ያህል ባልተናደድኩ።

፪. እርስዎ ከመጡ ወዲህ ስለወጡት አልበሞችም አመሰግናለሁ፤ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ባለውለታዎቼ ናቸው። ወጣቱ ሙዚቀኛ ሁሉ ወንድማማቾቹን ይኮርጃል ይባላል። ምን ይደረግ፣ እነሱም ራሳቸውን መኮረጅ ከጀመሩ ቆይተዋል።

፫. ያንን ዘፈን «አድሰው» ስላወጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሬዲዮ ስሰማው «ያዝሽ?» የምለው እኔ፣ «ይዣለሁ!» የምለውም እኔው ነኝ! ደውዬ ስጠይቅዎ ሻካራውን ድምፅ አጽድተው በኮምፒውተር በእኔ ድምፅ እንደ ተኩት፣ አሮጌውንም ቅጂ ከኢንተርኔት እንዳስወረዱት በትሕትና አስረዱኝ። ረጅሟ ካረፈች ወዲህ ልጇ ስትናፍቃት የምትከፍተው እሱን ነበር። ሰሞኑን ደውላ «እትዬ፣ እናቴን የት አደረጓት?» አለችኝ። መልሱን እርስዎ ያውቁት እንደሆነ ብዬ ነው መጻፌ።

፬. በቡድኑ የመሰናበቻ ኮንሰርት አንሶላ ይዤ ከንፈሬን ብቻ እንዳንቀሳቅስ በመጋበዜ ክብር ተሰምቶኛል። የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ ከብረት ዘንግ ጋር እንደሚታሰርም ተነግሮኛል። ብረቱ ሻካራ ድምፅ ስለሌለው እንኳን ደስ አለዎት።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የረጅሟ ድምፅ ከነሳቋ ወደ ቦታዋ ይመለስ።

ዕድሜዎ እንደ አልበሞችዎ የረዘመ፣ ግን ከእነሱ የተሻለ ጣዕም ያለው እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ በአክብሮት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ጡረተኛዋ አንሶላ አጣፊ

ማሳሰቢያ፦ ሊወስደኝ የሚመጣውን መኪና ያስቀሩት። ከእንግዲህ በእርስዎ መድረክ ላይ አፌን አልከፍትም፤ ከመድረክዎ ውጭ ደግሞ አልዘጋም።