ማንም ያላመነው የማንጎ መድኃኒት

መርሳ
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚስባህ፣ ለአዲስ አበባው የጠርሙስ ደራሲ፤

አሰላሙ አለይኩም። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ደብዳቤ ነውና ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ። ያልደወልኩት «ኔትወርክ የለም» ብለህ እንዳትዘጋብኝ ነው። ወረቀት አይዘጋም።

እማ ደህና ናት። ማንጎዎቹ ግን አለቁ። ያ ነጭ ተባይ ቅጠሉን ዱቄት የተነሰነሰበት አስመስሎት፣ ፍሬው እንቁላል ሳያክል ረገፈ። የላክኸውን መድኃኒት ጠርሙሱ እስኪደርቅ ረጨነው። ተባዩ ገላውን ታጥቦ የወጣ ሙሽራ መሰለ እንጂ ምንም አልሆነም።

ከሲሪንቃ ግብርና ምርምር የመጣው ባለሙያ «የታመመውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አቃጥሉ» ብሎን ነበር። ጎረቤታችን ጋሼ ጀብሪል መጋዛቸውን ስለው ጨርሰው ነበር። ያስቆመቻቸው እማ ናት። «ቆይ ጀብሪል፣ ልጄ ከሚሠራበት ድርጅት መድኃኒት ልኮልኛል። ያድናል ብሎኛል» አለቻቸው። ጠርሙሱን መሀል አስቀምጣ፣ ጎረቤቱን ሰብስባ ዱዓ አስደረገችበት። ዱዓ የተደረገበትን ትቶ ማን መጋዝ ያነሳል? ጋሼ ጀብሪልም ከእኛው ወስደው ረጩ።

ማንጎው ሲረግፍ ደውዬልህ ምን አልከኝ?

«እኛ እኮ ጠርሙሱ ላይ ያድናል አላልንም። እንግሊዝኛውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ‹ውጤታማ እንደሚሆን ይታመናል› ነው የሚለው።»

«ማን ነው የሚያምነው?»

«ማንም። እንዲህ ነው የሚጻፈው። ገና በደንብ አልተሞከረማ፤ በኋላ እንዳያስጠይቅ ነው» ብለህ ሳቅህ።

እኔም ሞኙ ሳቅሁ። ሰፈሩንም በዚህ ቋንቋህ አሰለቸሁት። ሻይ የምትሸጠዋን ሀስናን «ይኼ ሻይ ስኳር እንዳለው ይታመናል» አልኳት። ልዑልን፣ ባለ ባጃጁን፣ «ፍሬንህ እንደሚይዝ ይጠበቃል» ብለው ሊመታኝ ነበር።

ኋላ ነው የገባኝ። እንግሊዝኛ ለሚያነብ መሸሻህን አበጅተህ፣ ለእማ ግን በአማርኛ «ወላሂ ያድናል» ነው ያልካት። ማንም ያላመነውን እማ ብቻዋን አመነችው።

በማንጎው ገንዘብ ሊደገስ የነበረው የጋሼ ጀብሪል ልጅ ሠርግ ለከርሞ ተላልፏል። እሳቸው ግን በደጃችን ሲያልፉ ሰላምታቸውን አልነፈጉንም፤ የከፋውም እሱ ነው። እማ ድምፃቸውን ስትሰማ ጓዳ ትገባለች።

ትናንት ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ዓሪፍዬ፣ መቼም አንተ አትዋሸኝም» አለች። እኔ! መርሳ በሙሉ በውሸቴ የሚያውቀኝ! «ሚስባህ እንደማያድን ያውቅ ነበር?»

ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

«ኧረ አያውቅም እማ። እሱንም አታለውት ነው» አልኳት።

ፊቷ በራ። ሻሿን አስተካክላ ይህንኑ ለጋሼ ጀብሪል ልትነግር ወጣች። ላስቆማት እስከ ደጅ ተከትያት፣ ጫማዋን አቀብያት ተመለስሁ።

ስትመለስ «ደብዳቤው ላይ አስፍርልኝ» ያለችውን ምርቃት ይኸው፦ «አላህ ልጄን ከአታላይ ሰው ይጠብቀው።»

አንተ አሚን በል። እኔ አቅቶኛል።

ወንድምህ ዓሪፍ