ሣጥኑም ይማል

ነሐሴ 24 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ ጧት

ዛሬም ዝናብ። የፎቶግራፍ መስታወቶቹን አጥቤ አልጋው ሥር ደረደርሁ፤ በውጭማ የሚደርቅ ነገር የለም። የደንበኛ ሥራ አለቀ። አንድ የጣቢያ ዘበኛ ከነጠመንጃው፣ ሁለት መነኮሳት፣ አንድ ሕፃን። (ሕፃኑ ተንቀሳቅሶ ሁለት ራስ አውጥቷል። እናቱ እንዳታይ!)

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ። ደብተሬ፣ ታውቂያለሽ፤ በየዓመቱ አንድ ካርቶን መስታወት ለራሴ አስቀምጣለሁ። ዐሥራ ሁለት ፎቶግራፍ ይወጣዋል፣ ለወር አንድ። ለገበያ አይደለም፣ ለማንም አይደለም። ዓመቱ ሳይጠባ አንድ ነገር እመርጥና እሱን ብቻ አነሣለሁ። የዘንድሮው ምርጫዬ አህያ ነበረ። ዐሥራ ሁለት አህያ! እኅቴ ከሞጆ መጥታ አየቻቸውና ከነዚህ አንተ የትኛው ነህ አለችኝ።

ለ1922 ሦስት ሐሳብ ነበረኝ። ባቡር፤ እሱን ፈረንጅ ሁሉ ያነሣዋል። የገበያ ሰው፤ የፎቶግራፍ ሣጥኔን ሲያዩ ይሸሻሉ፣ የሚተርፈኝ ጀርባ ነው። ሐይቆቹ፤ አዎ! ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ። ዐሥራ አምስት ዓመት አዳማ ተቀምጬ ዝዋይን አላየሁም። ለሰው ማመልከቻ እየጻፍሁ፣ የሰው ፊት እያነሣሁ፣ በጣቢያና በገበያ መካከል እንደ አውድማ በሬ ስዞር እኖራለሁ። ቆዳ ነጋዴው ሑሴን መስከረም 3 ወደ ዝዋይ ይወርዳል፤ አንድ በቅሎ ሊያውሰኝ ቃል ገብቷል። በቃ። ሐይቆቹ ናቸው። ተመረጠ።

ከሰዓት በኋላ። አዋጅ ነጋሪ በገበያው ጮኸ። የመንግሥት የስልክ ሽቦ ተሰርቋል። ነገ ወንድ የተባለ ሁሉ ለአውጫጭኝ ይውጣ፤ የቀረ እንደ ሌባው ይቆጠራል። አውጫጭኝ! በአረም ወር! በበቅሎዬ ወር!

ነሐሴ 25

ከገበያው በላይ በእሾህ አጥር ታጎርን። አገር ምድሩ። ጧት እንገባለን፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ እንለቀቃለን፣ ነገ ደግሞ እንመለሳለን፤ ሌባው እስኪወጣ እንዲህ ነው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ገበሬው የሚያወራው ስለ አረም ብቻ። ጤፉን አረም እየዋጠው እሱ እዚህ ተጎልቷል።

አውጫጭኙን የሚመራው ምስለኔ ስሜን ጠራ። ሽቦው በጠፋ ሰሞን በስልኩ መስመር ሥር ሣጥን ተሸክሞ ሲንጎራደድ የታየው አንተ ነህ? ነኝ፤ ባቡር ላነሣ ነበረ። ከዚያ፣ ዐፈር ልብላ፣ ደጄ ላይ የሰቀልሁትን ጽሑፍ በቃሉ ወጣው። «ያየውን የማይረሳ ሣጥን»። ደንበኛ ለመሳብ እኔው በገዛ ቀለሜ የጻፍሁት ነው። ካልረሳ መጥቶ ይመስክር አለ። ሰው ተልኮ ሣጥኑ መጣ። ክዳኑን ከፍቼ ባዶነቱን ባሳየው፣ ባዶ ሣጥን እንዴት ሰው ይቀርጻል ብሎ ጭራሽ ጠረጠረኝ። አንድ ሽማግሌ ከዳር ሆነው «እኛ የምንምል ከሆነ ሣጥኑም ይማል!» አሉ። አጥሩ በሙሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ሣጥኔ ግን እምስለኔው ድንኳን ታስሮ ቀረ።

ነሐሴ 26፣ ወደ አጥሩ ሳልሄድ

አንድ ነገር ደብቄሻለሁ።

ሽቦው የጠፋው ነሐሴ 17 ነው፤ ነፋሱ የበረታ ዕለት። ነሐሴ 20 የጎረቤቴን የኦቦ ገመቹን ልጅ ደራርቱን አነሣሁ። በማግሥቱ ወደ ባሏ አገር ወደ መቂ የምትሄድ ነበረች። የሙሽራው እናት ታማ፣ ሳልሞት ልያት ስላለች በክረምት የተደገሰ ሰርግ ነው። እናቷ አዴ ጫልቱ አጠገቧ ቆማ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ልጅቱ ሳቋ መጣባትና አፏን በክንዷ ሸፈነች። ያን ጊዜ አነሣኋት። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አንሥቼ አላውቅም። ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ አንባር ነው፣ የተጠማዘዘ አዲስ መዳብ። ያን ቀን ማማሩን ብቻ ነው ያየሁት። ትናንት ምስለኔው የተረፈውን የሽቦ ቁራጭ ከፍ አድርጎ ሲያሳየን አንባሩን አወቅሁት።

መስታወቱ አልጋዬ ሥር ነው። ምስለኔው እኮ እውነቱን ነው፤ ሣጥኑ አይቷል! ምስክሩ ሣጥኑ ውስጥ ሳይሆን እኔ ቤት መሆኑን አላወቀም እንጂ።

ከእንግዲህ የልጅቱን አባት ስም «ኦ.ገ.» ብዬ ነው የምጽፈው። ማን እንደሚያነብሽ ማን ያውቃል። እላይ የጻፍሁትንም መሰረዝ አለብኝ።

ነሐሴ 28

ኦ.ገ. ዛሬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አካም ቡልቴ አለኝ፤ ደኅና አልሁት። የተቆላ ሽምብራ ከቋጠሮው አካፈለኝ። ኋላ ዐይኑን ከጭቃው ሳያነሣ ነገረኝ። የስልኩ እንጨት በነፋስ ወድቆ ሽቦው ጤፉ ላይ ተጋድሞ ነው ያገኘው። ከማሳዬ ያገኘሁት የኔ ነው ብሎ በመጥረቢያ ቆረጠ። ክረምት ነው፣ ወንዝ ሞልቷል፣ አንባር የሚገዛበት ገበያ የለም። ልጁ ባዶ ክንዷን አማት ቤት እንዳትገባ ነው። እንጨቱንም መልሶ ሊያቆመው ሞክሮ ነበር! ለመንግሥት አዝኖ።

«ጌታነህ፣ አንተ አይተሃል። ስታይ አይቼሃለሁ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። አለመጠየቁ ነው ያናደደኝ። ቢለምነኝ እቆጣው ነበር፣ ይቀለኝ ነበር።

ነሐሴ 29

ሽማግሌዎቹ ዛሬ ወፍ መስማት ጀመሩ። ጥግ ላይ በቅጠል የተከለለች ጎጆ አለች። እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ገብቶ የሚያውቀውን በሽማግሌ ጆሮ ይናገራል። ማን እንደተናገረ አይወጣም። ማን ነገራችሁ ሲባሉ «ወፍ ነገረን» ይላሉ። በቃ፣ ወፍ። ስም የላት፣ ባለደም የላት።

እይውማ። አንዲት ቃል ብተነፍስ አጥሩ ይፈርሳል። ገበሬው ወደ አረሙ፣ እኔ ወደ ዝዋይ። ኦ.ገ. ወደ ጅራፍና ወደ ሰንሰለት፤ የመንግሥት ሽቦ የነካ አዲስ አበባ ድረስ ይነዳል ይባላል። ከደራርቱ በታች ሦስት ልጆች አሉት። ግን እኔ ምን አገባኝ? ሽቦውን ቁረጥ ያልሁት እኔ ነኝ? ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔን እየነቀዘኝ ነው።

ስለ ሥራዬ ደግሞ። ሐይቅ ሐይቅ ስል ደራርቱ ትመጣብኛለች። ምርጫዬ ሳይለወጥ አልቀረም። ሐይቅ ነገም እዚያው አለ። ልጃገረድ ከአባቷ ቤት የምትወጣው ግን አንድ ቀን ነው። ዓመቱን ሙሉ፣ ከአዳማ እስከ መቂ፣ እስከ ዝዋይም፣ ነገ የሚሄዱትን ሙሽሮች ባነሣስ? ዐሥራ ሁለት ልጃገረድ፣ በዋዜማቸው። ይህን ሳስብ ጭቃውንም እሾሁንም ረሳሁት፤ ቀልቤ ሁሉ ተነሣ። የመጀመሪያዪቱማ ተነሥታለች፤ ለሰው የማላሳያት! ዕድሌ እንዲህ ነው።

ጳጉሜን 1

ቆርጫለሁ። እናገራለሁ። ትናንት አንድ ሽበታም ገበሬ ጤፌ አለቀ ብሎ በሰው ፊት አለቀሰ። በአንድ ሰው ጥፋት አገር ለምን ይታጎራል? ሕጉም ይኸው፣ ሕሊናም ይኸው። እሄዳለሁ።

ከሰዓት በኋላ። ጎጆዋ ገባሁ። ሽማግሌው ጆሯቸውን አስጠጉልኝ፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ። አፌን ከፈትሁ። ጉንፋን ይዞኛል፣ ጭቃው አልተስማማኝም፣ ነገ እቤቴ ልዋል አልኋቸው። ደብተሬ፣ ይህን አልሁ! ወፍ ሆኜ ገብቼ ዶሮ ሆኜ ወጣሁ። ሽማግሌው አዘኑልኝ፤ ዳማ ከሴ አሽተህ ጠጣ፣ ግን ከአጥሩ መቅረት የለም አሉኝ።

እንዲህ ነኝ። ክፉም ለመሆን ጉልበት የለኝ።

ጳጉሜን 2

ወፍ አልተገኘችም። እንግዲህ ከነገ ወዲያ ሁሉም በየሃይማኖቱ ይማል ተባለ። ቃሉ ይኸውና፦ ሽቦውን አልወሰድሁም፣ የወሰደውን አላየሁም፣ አላውቅም። የማለ ይሄዳል፤ መቀጫውን አገር በጋራ ይሸከማል። አልምልም ያለ በሌባው ፈንታ ይታሰራል።

ብናገር ሰው አጠፋሁ። ብምል ነፍሴን። አልምልም ብል ሰንሰለት። በየት በኩል ልውጣ? ለካ አጥር ውስጥ የገባሁት ነሐሴ 25 አይደለም፣ ሙሽራዪቱን ያነሣሁ ዕለት ነው።

ሲለቁን በቀጥታ ወደ ነፍስ አባቴ ወደ አባ ተክሌ ሄድሁ። የወዳጅ ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅሁ፤ በሐሰት የማለ ሰው ንስሐው ምንድን ነው? አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኃጢአቱን ሳይሠራ ዋጋውን የሚጠይቅ ሰው ዛሬ ገና አየሁ አሉ። ከዚያ የአንድ ነጋዴ ነገር አጫወቱኝ። በሐሰት ምሎ መጣ፤ ጾም ቢሰጡት ጾሙን ለምዶታል፣ ስግደት ቢሰጡት ጉልበቱ ብርቱ ነው። ስለዚህ ዓመት ሙሉ ገበያ እንዳይረግጥ ከለከሉት። ሰው የሚወደውን ካላስቀመጠ በደሉ አይገባውም ባይ ናቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ለዚያ ወዳጅህ ሣጥኑን ነበር የምወስድበት» አሉ። ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። እስከ ቤቴ ስበሳጭ መጣሁ።

ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

የዛሬ ዝናብ የተባረከ ነው ብለው ልጆች ራቁታቸውን ይሯሯጣሉ። ለበዓሉ ዛሬ አጥሩ የለም።

አዴ ጫልቱ መጣች። የልጇን ፎቶግራፍ ጠየቀች። መቂ ሩቅ ነው፣ መቼ እንደምታያት አታውቅም። ፊቷን ምሰሶው ላይ ብትሰቅለው ጧት ጧት ሰላም ልትላት ነው። ባሏ የሠራውን የምታውቅ አይመስለኝም። ወይም ታውቃለች። መስታወቱ ተበላሸ አልኋት። ፊቴን አየት አደረገችና፣ ይሁን፣ እግዜር ሌላ ያምጣ ብላ ሄደች። እኔን አጽናንታ ነው የሄደችው!

ስትወጣ ውኃ አፈላሁ። ሶዳ ጨመርሁ። መስታወቱን ነከርሁት። መጀመሪያ አንባሩ ለቀቀ፣ ቀጥሎ ክንዷ። ዐይኗ ቆየ። በአውራ ጣቴ አሸሁት። ባዶ መስታወት ሆነ። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ ለልጅቱ ይሁን ለእናቷ ይሁን ለራሴ አላውቅም። በዕድሜዬ ቁም ነገር ብዬ ያነሣሁት እሱን ብቻ ነበረ።

ጳጉሜን 4

ማልሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ እጄን በወንጌሉ ላይ አድርጌ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ቀጥሎ ሜዳው ላይ የኦ.ገ. ተራ ነበረ፤ በአባቶቹ ደንብ ሊምል ቆሟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ላለመስማት ቶሎ ራቅሁ። እኩለ ቀን ላይ አጥሩ ተከፈተ። ሰው ሁሉ ወደ አረሙ ሮጠ። ሰው ከሰው ዐይን ለዐይን አልተያየም።

ምስለኔው ሣጥኔን መለሰልኝ። ምንም አልወጣውም፣ እንደ ጌታው ነው አለ።

ሑሴን የአጥሩ በር ላይ ጠበቀኝ። በቅሎዋ ተዘጋጅታለች፣ መስከረም 3 በማለዳ እንዳትቀር አለኝ። አልሄድም አልሁት። ታመሃል? አልታመምሁም። የተሻለ በቅሎ አግኝተህ ነው? አይደለም። ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ፤ ተቀይሞኛል። ጥቂት እንደሄድሁ አንድ የጣቢያ ሠራተኛ አስቆመኝ። ጥር ላይ ልጁን ይድራል፣ አንሣልኝ አለ። ልቤ ዘለለች። ሌላ ሰው ፈልግ አልሁት።

ከዚያ ወደ ቤቴ የሚያስገባውን መታጠፊያ አለፍሁት። አባ ተክሌ ደጃቸው ላይ ነበሩ። ሣጥኑን ሲያዩ ደነገጡ። የቀለድሁት ነው ልጄ፣ እሱን ይዘህ ግባ፣ ሌላ ንስሐ እሰጥሃለሁ አሉኝ። እኔም ጾሙን ለምጄዋለሁ አባቴ አልኋቸው። ማን እንደማለ፣ ለማን እንደማለ አልጠየቁኝም። ከመጻሕፍታቸው አጠገብ ቦታ ለቀቁልኝ። አስቀመጥሁት። መስቀል አሳለሙኝ። ስመለስ ትከሻዬ ስለቀለለኝ የረሳሁት ነገር ያለ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዘወር ብዬ አየሁ።

ኦ.ገ. አሁን ከማሳው አጎንብሶ ይታየኛል። ያርማል። ቀና አላለም፣ እኔም አልጠራሁትም።

በ1922 ዓ.ም. አንድም ፎቶግራፍ አላነሣም። መርጫለሁ።