ይቅርታ የጠየቅሁለት ካውያ

እህት ዓለም፣ ይህች ፖስታ ካርድ ጠባብ ናትና አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ።

የሸማቾች መብት ሕግ መምህራችን የማይሞቅ ካውያ አስይዛ፣ የገዛችበት ሱቅ ወስደሽ አስለውጪ አለችኝ፤ የቤት ሥራ መሆኑ ነው። አንቀጾቹን በቃሌ ይዣለሁ። ባንኮኒው ጋ ስደርስ ግን ከአፌ የወጣው «ይቅርታ ጋሼ፣ ላስቸግርዎት ነው» ሆነ። ሽማግሌው ሻጭ ካውያውን ሰክተው ዳሰሱና «ልጄ፣ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ እንዴ? ታዲያ ምን ይቅርታ ያስብልሻል?» ብለው ሌላ ሰጡኝ። መምህሯ ወረቀቴ ላይ «ዕቃው ተለውጧል፤ ተማሪዋ ግን ለምናለች» ብላ ጻፈች።

እንጀራሽን ያቆመብሽን የስፌት ማሽን የሸጠልን ሰውዬ ትዝ አለኝ። በሳምንቱ ክር መበጠስ ሲጀምር ይዘንለት ብንሄድ፣ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን እያሳየ «ተምሬያለሁ ትያለሽ፣ ማንበብ አላስተማሩሽም?» አለኝ። ማሽኑን ለሁለት ተሸክመን ስንወጣ እኮ ይቅርታ ያልነው እኛ ነን! ያኔም ሕጉ ከእኛ ጋር ነበር፤ አሁን አንብቤዋለሁ።

ቦታው አለቀ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የማሽኑን ደረሰኝ እንዳትጥዪው። ለዕረፍት ስመጣ ማሽኑን ይዘን ሰውዬው ጋ እንመለሳለን፤ ይቅርታ ልትይ ከሆነ ግን ደጅ ትጠብቂኛለሽ።

ነገረኛዋ ጓደኛሽ