ለኪዳነወልድ የቀረበው ነጭ ሾርባ

ዊልስደን፣ ለንደን
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሰሎሜ፤

እንዴት ነሽልኝ? የእማማስ ጉልበት ተሻላት? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ የኪዳነወልድን ስም ካነሳሁ ስለምትዘጊብኝ ነው። ደረጄ ሰኞ ወደ አገር ቤት ስለሚገባ በእጁ ልኬልሻለሁ። መቅደድ ካማረሽ መጀመሪያ አንብቢው።

እሁድ ማኅበሩን የማወጣው እኔ ነበርኩ። ሙሴያችን፣ ማለት ሰብሳቢያችን፣ ኪዳነወልድ ነው። አዎ፣ ያው የአንቺው። አራት ዓመት ቀለበቱን አስሮብሽ ኖሮ፣ እዚህ ሌላ ሲያገኝ "ለቪዛ ስትመረመር በሽታ ተገኘባት" ብሎ ለሽማግሌዎቹ የላከብሽ። ዛሬ ማን አረፈደ፣ ማን ጾም ገደፈ እያለ እኛን ይቆጣል። እኔን ሲያገኘኝ "ያለፈው አለፈ፣ እህተማርያም" ይላል። እሱን አልፎት ይሆናል። አባባ አፍሮ ከእድር ሲቀር፣ ጎረቤት አንቺ የጠጣሽበትን ብርጭቆ በበረኪና ሲያጥብ ያየሁት ግን እኔ ነኝ።

ምግቡን ያዘዘኝም እሱው ነው። "ጃፓኖች ምግብ ቤት እየሠራሽ ለምን ወጥ ታበይናለሽ? ያንን ኑድል በሾርባ ሥሪልን እንጂ" አለ። እሺ አልኩት።

ሾርባው ጊዜ ይፈጃል እንጂ አይከብድም፤ አንቺም እቤትሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ። የዶሮ አጥንትና እግር በትልቅ ድስት ትጥጂና፣ ውኃ እየጨመርሽ፣ እሳቱን ሳትቀንሺ አጥንቱ እስኪፈራርስ ታንተከትኪዋለሽ። ያኔ እንደ ወተት ይነጣል፣ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ጥቁር ሶስ ይገባበታል። ኑድሉን ለብቻው ቀቅለሽ ሾርባውን ታፈሺበታለሽ፤ በላዩ አስኳሉ ያልጠና እንቁላል። ጃፓኖቹ ታዲያ ይህንኑ ሾርባ በአሳማ አጥንትም ይሠሩታል። ነጭነቱ አንድ ነው፤ አይቶ የሚለይ የለም።

ሁሉም መጡ። ጸሎቱ ተደርሶ ጠበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ፣ የኪዳነወልድን በእጄ አቀረብኩለት። ግንባሩ እስኪያልበው ድረስ ፉት እያለ ጠጣ።

"እጅሽ ይባረክ! ምን ብታደርጊበት ነው እንዲህ የነጣው?"

"አጥንት ነው።"

"የምን አጥንት?"

ጭልፋውን አስቀመጥኩ። "መጀመሪያ አንተ ንገረኝ። የእህቴ የሰሎሜ በሽታ ምን ነበር?"

ሚስቱ ያኤል "ሰሎሜ ማን ናት?" አለች።

"ተይ እንጂ እህተማርያም፣ የምን አጥንት ነው?" ድምፁ ቀጠነ። ሳህኑን ከፊቱ ገፋ፣ አፉን በሶፍት ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። ሌሎቹም ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"የእህቴ በሽታ ምን ነበር?"

ጋሽ መኩሪያ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት፣ "መልስላት እንጂ፣ ልጄ" አሉት።

አንገቱን ደፋ። "አልታመመችም" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

"አልተሰማም።"

"አልታመመችም አልኩሽ! እኔ ነኝ የዋሸሁት። ያኤልን ላገባ ስል ነው።"

ያኤል ዞር ብላ አየችው። "ለእኔ 'ትታኝ ሌላ አገባች' ነበር ያልከኝ።"

ያኔ "ዶሮ ነው" አልኩት። "ሁላችሁም የበላችሁት ከአንድ ድስት ነው። ምንም የሌለበትን ምግብ ተጠየፍከው አይደል? እህቴም ምንም አልነበረባትም።"

ካፖርቱን አንስቶ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ያኤል አልተከተለችውም። ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና የተረፈውን ጨርሳ "ትንሽ ጨምሪልኝ" አለችኝ። ሞልቼ ሰጠኋት።

አንዳንዶቹ "በማኅበር ላይ እንዲህ አይደረግም" ብለው ተቀይመውኛል። ይቀየሙ። ጋሽ መኩሪያ ግን በማግስቱ ቤቱ ድረስ ሄደው፣ ናዝሬት ላሉት ሽማግሌዎች እፊታቸው ስልክ አስደውለው፣ "ዋሽቼባት ነው" አስብለውታል። ሙሴነቱንም አስረክቧል። ወሬው እዚያ ሳይደርስ አይቀርም፤ ጎረቤቶቹ ሊስሙሽ ከመጡ፣ ብርጭቆ አቅርቢላቸውና በየትኛው እንደሚጠጡ እያቸው።

ለእማማ ደብዳቤውን ስታነቢላት ከዚህ ላይ አቁሚ። የቀረው የእኔና የአንቺ ነው።

የአሳማውንም አጥንት ገዝቼ ነበር። እሁድ ጠዋት በሌላ ድስት ጥጄው፣ ነጥቶ፣ ደርሶ ነበር። ከሁለቱ ከየትኛው እንደምጨልፍለት ለራሴም ሳልነግረው ጎን ለጎን አስቀምጫቸው ቆየሁ። የመጀመሪያው እንግዳ የበሩን ደወል ሲደውል ሽንት ቤት ወስጄ ደፋሁት። አዝኜለት አይደለም። አንቺ በየጊዜው "ተይው፣ እቴትዬ" የምትይኝ ቃል ጆሮዬ ላይ መጥቶብኝ ነው።

እመቤቴ ማርያም የተወሰደብሽን ዘመን በደስታ ትካስሽ። እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለእኔም ጸልዪልኝ፣ ሰሎሜ፤ ያንን ድስት መድፋቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

እህትሽ
እህተማርያም