ማጣሪያዋን የነቀልኩበት ጥቅምት

ሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2005
ደስ ሲል! ብሮድባንድ ኢንተርኔቱ ለትምህርት ቤታችን ገባ። ጂንካ ውስጥ ማን አለው ደግሞ? አዲስ መስመር የሚዘረጉ መስሎኝ ነበር... ለካ የኔው የጸሐፊዋ ስልክ ነው! ወሬውም ኢንተርኔቱም በአንድ ሽቦ አብረው ይሄዳሉ አለኝ የቴሌው ባለሙያ። ከስልኬ ሥር ትንሽ ነጭ ነገር ሰካ። ምንድን ናት ስለው «ማጣሪያ ናት፤ እንዳትነቅያት» ብሎኝ ሄደ። የኮምፒውተር መምህሩ ተገኝ ለልጆቹ ሲያሳይ በመስኮት አየሁት። ሙሽራ መስሏል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6
ማጣሪያ... ምኑን ነው የምታጣራው? ፖሊስ «ጉዳዩን እያጣራሁ ነው» እንደሚለው ነው? ገዘር ከተማ ላለችው እህቴ ለአየለች ስለ ርዕሰ መምህሩ ስለ አቶ ሻንቆ የማላወራው የለ። ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ሲዘምሩ ድምፃቸው... ተዪው። ወሬዬን ብታጣራብኝስ ብዬ ነቀልኳትና መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። ስልኩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። እፎይ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 16
ኢንተርኔቱ በየሰዓቱ ይቋረጣል። አቶ ሻንቆ ተገኝን ነካክተህ ነው ብለው ልጆቹ ፊት ሰደቡት። ምንም አልነካሁም ቢል ማን ይስማው? ማስጠንቀቂያ ጻፊለት ተባልኩ። ጻፍኩ። ማህተሙንም የመታሁት እኔው። አሳዘነኝ... ግን ልጅ አይደል፣ ነካክቶ ይሆናል ብዬ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20
አየለች ደወለች። ሃሎ ከማለቴ ከጎን ካለው ክፍል ልጆቹ «ተቋረጠ!» አሉ። ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰላቸው። እስቲ ብዬ ደወልኩ። «ተቋረጠ!» ለካ ማጣሪያዋ የስልኩ ድምፅ ኢንተርኔቱን እንዳይረብሽ ነው የምትከለክለው! እኔ ነኝ... ማጣሪያዋን መልሼ ሰካኋት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21
ቀኑን ሙሉ አልተቋረጠም። አቶ ሻንቆ «አየሽ፣ ማስጠንቀቂያው ሠራ» አሉኝ። ምነው መሬት በዋጠኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 23
አርባ ምንጭ የኮምፒውተር ሥልጠና አለ። ተገኝ ማስጠንቀቂያ አለበት፣ ሌላ ሰው ይሂድ ተባለ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 26
ለአቶ ሻንቆ ሁሉንም ተናገርኩ። ተገኝም ቆሞ ይሰማል። አቶ ሻንቆ «ወሬሽን የምታጣራ መስሎሽ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ማስጠንቀቂያውን ቀደዱ፣ ሥልጠናውም ለተገኝ ሆነ። እሱ ግን አልሳቀም። የተሰደብኩት ልጆቹ ፊት ነው፣ ለነሱም ይነገርልኝ አለ። ገብቼ ነገርኳቸው። አርባ ልጅ... አንዱም አልሳቀም። ስጨርስ ተገኝ በሩን ከፈተልኝ።
«አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ አለምነሽ። ይሂዱ፣ እኛ እንቀጥላለን።»
ሦስት ዓመት ሙሉ እትዬ እያለ አንቺ ሲለኝ የኖረ ልጅ ነው። ዛሬ እርስዎ አለኝ።